ልጄ መጋዝ ስትጠይቀኝ

በ1978 ዓ.ም. ነው፤ ሁዳዴ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ የኒቆዲሞስ ዕለት እሑድ። በእኛ አገር በዚያ ወቅት ሰማዩ አይታመንም። ጠዋት ጥርት ብሎ ይነጋል፤ ከቀትር በኋላ በእንጅባራ በኩል ጥቁር ደመና ይነሣና አንዳንዴ በረዶ ያወርዳል።

የምንኖረው ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብላ ባለች ቀበሌ ነበር። ያኔ አገሩ አገው ምድር አውራጃ ይባላል። ባለቤቴ ቢሻው ገብስና ድንች የሚያመርት ገበሬ ነበር። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ጽሑፌ ካላማረ ይቅር በሉኝ።

በዚያ ዓመት የመንደር ምሥረታ መጣ። ተራርቀን የምንኖር ሰዎች ወንዝ ማዶ ካለው ሜዳ ላይ በመስመር ቤት እንድንሠራ ታዘዘ። ቤታችሁን አፍርሱ፣ እንጨቱን ተሸክማችሁ ኑ ተባለ። ወንዶቹ ሰንበት ሳይሉ፣ በዓል ሳይሉ ሜዳው ላይ ይውሉ ጀመር። ለቢሻው የራሱን ቤት እንዲያፈርስ የተሰጠው ቀን ያ እሑድ ሆነ።

የመጀመሪያ ልጄ ይታይሽ ዳንግላ ቤት ተከራይታ ዘጠነኛ ክፍል ትማር ነበር። ዓርብ ማታ ትመጣለች፤ እሑድ ከሰዓት ስንቋን ይዛ ትመለሳለች። በትምህርት ቤቷ የእንጨት ሥራ የሚባል ትምህርት አለ። ወንዱም ሴቱም ይማረዋል። እኔ መጀመሪያ ስሰማ አላመንሁም። ልጄን ከብት ከመጠበቅ፣ ከልጅነት ጋብቻ አስቀርቼ ዳንግላ ድረስ የላክሁት እንጨት እንድትልግ አልነበረም። ነርስ ትሆናለች፣ አስተማሪ ትሆናለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ስትመጣ ጸጉሯ ውስጥ ሰጋቱራ አለ፤ የምታወራው ስለ መላጊያና ስለ መጋዝ ነው።

አባቷ በዚህ ይደሰት ነበር። አንድ ቀን ከዳንግላ ገበያ አዲስ የእጅ መጋዝ ገዝቶላት መጣ። እሷም በዚያ መጋዝ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ሠርታ ደጅ ላይ አስቀመጠችው። ጎረቤቴ ደብሬ አየችው። ደብሬ ደግሞ አፏ አያርፍም፤ በሚቀጥለው ሰንበት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ፣ በሴቶቹ መካከል ያዘችኝ።

«እት ጥሩነሽ፣ ይታይሽን ስትድሪ ሙሽራው አልጋ እንዳይገዛ ንገሪው!»

«ለምን?»

«ሙሽራይቱ ጠርባ ትመጣለታለቻ!»

ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ግን መጋዙን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቀለልሁና ደጅ ካለው ጎተራ ሥር ወሸቅሁት። ይታይሽ ስትፈልገው «አላየሁም» አልኋት። በጾም ምድር ዋሸሁ።

ወደዚያ እሑድ ልመለስ።

ከቅዳሴ ወጥቼ ወደ ቤት እየተመለስሁ ሳለሁ ከእኛ ቤት በኩል የናዳ ድምፅ የሚመስል ነገር ሰማሁ። ቀና ስል አቧራ ተነሥቷል። ነጠላዬን ጥዬ ሮጥሁ።

ቢሻው የጣሪያውን ሣር በአንድ ወገን ገፍፎ ጨርሶ፣ ወራጆቹን ነቅሎ ደጅ ከምሯል። ቀጥሎ ቆጡን ሊያወርድ ወደ ውስጥ ገብቷል። ጣሪያው ወደ አንድ ወገን ከብዶ እንደ ነበር አላስተዋለም። ምሰሶው ከመሬት በታች በምስጥ ተበልቶ እንደ ነበርም አላወቀም። የጽድ ምሰሶ ነው፤ አባቱ የተከሉት። ከሥሩ ተሰብሮ ወደቀ፤ ጣሪያው በላዩ ወደቀበት፤ የግድግዳው ግማሽም ወደ ውስጥ ዘመመ።

«ቢሻው!»

«አለሁ።» ድምፁ ከሣሩ ሥር መጣ። «እግሬን ይዞኛል።»

ያለነው እኔ፣ ደብሬና ጎረቤታችን አያ ዋሴ ነበርን፤ ትንንሾቹ ልጆቼ ከብቶቹን ይዘው ርቀዋል። አያ ዋሴ አዛውንት ስለ ሆኑ ለሥራው አልተጠሩም። የደብሬ ልጅ ወንዶቹን ልትጠራ ወደ ሜዳው ሮጠች። መንገዱ ቁልቁለት ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ እንደገና ዳገት ነው። ቶሎ እንደማይደርሱ ሁላችንም እናውቃለን።

ይታይሽ ውኃ ቀድታ ከምንጭ ስትመለስ አቧራውን አይታ ጀሪካኗን መንገድ ላይ ጥላ ደረሰች። አልጮኸችም። በደረቷ ተኝታ በወራጆቹ መካከል ሾልካ ገባች። እግሯ ብቻ ሲቀር አየሁ።

ስትወጣ ፊቷ በጥላሸት ጠቁሯል።

«እግሩ በምሰሶውና በመደቡ መካከል ነው» አለች። «ምሰሶውን ማንሣት አይቻልም፤ ጣሪያው በሙሉ እሱ ላይ ነው ያረፈው። መቆረጥ አለበት።»

«እንግዲያማ ዞር በሉ» አሉ አያ ዋሴ፤ መጥረቢያውን አነሡ።

«አያ ዋሴ፣ በመጥረቢያ አይሆንም። በመቱት ቁጥር ይነቀንቀዋል። ግድግዳው...»

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ይህን መጥረቢያ ስይዝ እናትሽም አልተወለደችም።»

በተከፈተው በኩል ጎንበስ ብለው መቱ። ደግመው መቱ። በሦስተኛው ላይ ከዘመመው ግድግዳ ትልቅ ጭቃ ተገምሶ ወደቀ፤ ቢሻው ጮኸ። በትዳራችን ዘመን ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። አያ ዋሴ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጡና በእጃቸው ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከዚያ በኋላ ልጄን አየኋት። እስከዚያ ቀን የማውቃት ልጅ አይደለችም። ዝም ብላ ቆማ ምሰሶውን፣ ከዚያ ጣሪያውን፣ ከዚያ ግድግዳውን በዓይኗ ትከተላለች። ኋላ ስጠይቃት አስተማሪያቸው ሁልጊዜ የሚላቸውን እያስታወሰች እንደ ነበር ነገረችኝ፦ ከመቁረጣችሁ በፊት ክብደቱ ወዴት እንደሚሄድ እዩ ይላቸዋል አለች።

«እማ፣ ገመድ ስጪኝ።»

ሰጠኋት። ሾልካ ገባችና ከመሬት እስከ ምሰሶው ያለውን ከፍታ በገመዱ ለካች። ወጥታ አባቷ ደጅ ከከመራቸው ወራጆች ወፍራም ወፍራሙን መረጠች፤ ከቤቱ ራቅ ብላ በአያ ዋሴ መጥረቢያ በልኩ ቆርጣ፣ ድጋፍ እንዲሆኑ ምሰሶው ሥር አቆመቻቸው። ከዚያ ከተረፈው እንጨት ሽብልቅ ጠረበች። እኛ ሽብልቅ የምናውቀው ግንድ ለመፍለጥ ነው። እሷ ግን ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጋ ድጋፉ ሥር ከተተቻቸው፤ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን በድንጋይ ቀስ እያለች ነካ ነካ አደረገች። ድጋፉ እየጠበቀ ሄደ። ምሰሶው ሲጥ አለ፤ ጣሪያው ግን ንቅንቅ አላለም። ደብሬ አፏን በነጠላዋ ይዛ ታያለች።

«አባ፣ ጣቶችህን ታንቀሳቅሳለህ?» ትለዋለች ከውስጥ።

«የእጄን ነው የእግሬን?»

«የእግርህን እንጂ!»

«የእግሬንስ የት እንዳለም አላውቀው» አላት። ሊያስቃት ነው። እሷም ሳቀች፤ ስትወጣ ግን ዓይኗ እንባ ሞልቶት ነበር።

«ድጋፉ ይዟል» አለችኝ። «አሁን ምሰሶውን ከእግሩ ወዲህ በመጋዝ መቁረጥ ነው። መጋዝ አይነቀንቅም። እማ፣ አባ የገዛልኝ መጋዝ የት አለ?»

ዝም አልሁ።

ለምን ዝም እንዳልሁ ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሴት የቤት ምሰሶ ላይ ስለት አታነሣም። ቤት ሲሠራ ምሰሶውን የሚቆርጠውም የሚተክለውም ወንድ ነው፤ ሴት ጉድጓዱን እንኳ አትረግጥም። አባወራው በሕይወት ሳለ ሴት ምሰሶውን ከቆረጠች አባወራው ዓመት አይደርስም ይባላል። እናቴ ነግራኛለች፤ ለእሷም እናቷ። ልጅ ሆኜ አንዲት ሴት እንዲህ አድርጋ ባሏ ሞተ ሲባል ሰምቻለሁ። በመጽሐፍ የለም። ቄስም አላስተማረኝም። እኔ ግን ከጸሎቴ እኩል አምነው ነበር።

አያ ዋሴም ገባቸው። «ይታይሽ፣ ልጄ፣ ምሰሶ እኮ ነው» አሏት። «አባትሽ እዚያው እያለ? ወንዶቹ እስኪመጡ እንጠብቅ።»

«ወንዶቹ መቼ ይመጣሉ?»

«ይመጣሉ።»

«እማ፣ መጋዙ?»

«አላውቅም» አልሁ።

አንድ ቃል ናት። ጎተራው ከቆምሁበት ጥቂት እርምጃ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼው ቆሜ ነበር።

ይታይሽ ማድቤቱን ፈተሸች፤ ቁርበቱን ገለበጠች፤ የገብሱን አገዳ በተነች። ደብሬ ልትረዳት ተነሣች። «በርጩማውን የሠራሽበት አይደለም? ባለፈው እዚህ ደጅ አይቼው ነበር እኮ» ትላለች። እኔ በጉልበቴ ተንበርክኬ እጸልያለሁ። እመብርሃንን እለምናለሁ። ወንዶቹን አድርሺልኝ እላለሁ። አንደበቴ ይጸልያል፤ ልቤ ግን ከጎተራው ሥር ነው።

ጊዜው ሄደ። ፀሐይ ከአናት አለፈ። ወንዶቹ አልመጡም። ቢሻው መጀመሪያ በአማርኛ ከይታይሽ ጋር ያወራ ነበር፤ ትምህርቷን ይጠይቃታል። ከዚያ በአገውኛ ብቻ መናገር ጀመረ፤ ከዚያ ዝም አለ። ይታይሽ እየገባች ከንፈሩን በውኃ ታርሳለች።

ከዚያ በእንጅባራ በኩል ነጎደ።

አያ ዋሴ ሰማዩን አዩ። «ይህ ዝናብ ከወረደ» አሉና አልጨረሱትም። መጨረስ አያስፈልጋቸውም ነበር። ሣሩ ውኃ ሲጠጣ እንደሚከብድ፣ ጭቃው ሲርስ እንደሚለቅ ሁላችንም እናውቃለን።

ይታይሽ ፊት ለፊቴ መጥታ ቁጢጥ አለች። አልተቆጣችም። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እማ፣ የምታውቂ ከሆነ ንገሪኝ። ድጋፉ ደረቁን ነው የሚይዘው። እርጥቡን አይይዝልኝም።»

የመጀመሪያው ጠብታ በእጄ ላይ ወደቀ። ተነሣሁ። ወደ ጎተራው ሄጄ ተንበረከክሁና ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁት። ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ለልጄ ስሰጣት ዓይኗን ማየት አልቻልሁም። እሷም ጆንያውን ገፍፋ ጣለችውና ሾልካ ገባች።

መጋዙ ሲሄድ ሰማሁ። ረጅም፣ ዝግ ያለ ድምፅ ነው፤ አይጣደፍም። ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ። ጽድ ደረቅ ነው፤ ያረጀ ሲሆን ደግሞ እንደ ብረት ይሆናል። ዝናቡ መውረድ ጀመረ። ደብሬና አያ ዋሴ ቁርበቱንና ጆንያውን ወጥረው ሣሩ በተገፈፈበት በኩል ያዙላት።

ድንገት መጋዙ ቆመ።

«ነከሰው!» አለች ከውስጥ። «ምሰሶው መጋዙን ነከሰው። እማ፣ ቀጭን ሽብልቅ አቀብይኝ።»

ሽብልቁን ይዤ እኔም ገባሁ። በደረቴ ተኝቼ ስሳብ ሣሩና ጥላሸቱ አፌ ገባ። ቢሻውን አየሁት። ፊቱ አመድ መስሏል፤ ዓይኑ ተከድኗል። ይታይሽ ሽብልቁን በተቆረጠው ስንጥቅ ውስጥ በድንጋይ ነካ አድርጋ አስገባች፤ ስንጥቁ ተከፈተ፤ መጋዙ ተለቀቀ። ስትይዘው እጀታው ላይ ደም አየሁ። መዳፏ ውኃ ቋጥሮ ፈንድቷል።

«ስጪኝ» አልኋት።

አየችኝ። «እማ፣ ምሰሶ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። ስጪኝ።»

እጄን በእጀታው ላይ አስተካከለችልኝ። «አትጫኚው። ራሱ ይሄዳል፤ አንቺ ወደ ራስሽ መሳብ ብቻ ነው። ቀጥ አድርጊው።» መጀመሪያ ዘለለብኝ። ከዚያ ያዘልኝ። ሳብሁ። አማቴ በተከሉት ምሰሶ ላይ፣ ባሌ ሥሩ ተኝቶ ሳለ። በሳብሁት ቁጥር እግዚኦ እላለሁ። እየተቀባበልን ቆረጥን።

ሊጨርስ ሲል ይታይሽ መጋዙን ተቀበለችኝ። «አሁን ውጪ፤ ከብብቱ ያዢው። ሳልልሽ አትጎትቺ።» የመጨረሻውን ብቻዋን ቆረጠችው። ምሰሶው ጠቅ ብሎ ተለየ፤ የላይኛው በድጋፉ ላይ ቀረ፤ የታችኛውን በትከሻዋ ገፋችው።

«ጎትቺ!»

ጎተትሁ። አያ ዋሴ ወገቤን ይዘው ጎተቱኝ፤ ደብሬ እሳቸውን። ቢሻው ወጣ። ይታይሽ በኋላው ወጣች። ብዙም ሳይቆይ ግድግዳው በዝናቡ ራሰና ወደ ውስጥ ተደርምሶ ቢሻው የነበረበትን ቦታ ሞላው።

ወንዶቹ የደረሱት ከዚያ በኋላ ነው። ወንዙ ሞልቶ አግዷቸው ነበር። ደብሬ በዝናብ ውስጥ ቆማ ይታይሽን አቅፋ ታለቅሳለች፤ በመካከሉም «የቤቴን በር ትሠሪልኛለሽ፣ በደረቅ ጽድ!» ትላታለች።

ቃሬዛ ሠርተው እስከ አውራ ጎዳናው ተሸከሙት። ከዚያ የጭነት መኪና ተለምኖ ዳንግላ ጤና ጣቢያ አደረስነው። የሚያክመው ሰው እግሩን ዐይቶ ራሱን ነቀነቀ። «ይተርፋል» አለን። ከዚያ ወደ እግሩ እያመለከተ «ይህ ግን ደም አጥቶ ብዙ ቆይቷል። ቀደም ብሎ ተለቅቆ ቢሆን ኖሮ...» አለ። እሱ እንደ ዋዛ ነው የተናገረው። ባሕር ዳር እንዲሄድ ጻፈለት። እግሩ እዚያ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ተቆረጠ።

ይህን የምታነቡ እናቶችና አባቶች፤ ቢሻው ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ኖረ። «ዓመት አይደርስም» የተባለው ሰው የልጅ ልጅ አቀፈ። ለዚህ እግዚአብሔርን ሳላመሰግን የዋልሁበት ቀን የለም። ለንስሐ አባቴ ሁሉን ነገርኋቸው፤ የሰጡኝን ቀኖና ፈጸምሁ። ይቅር እንደ ተባልሁ አምናለሁ። እግሩ ግን አልበቀለም። በምርኩዝ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወጣ ከኋላው እሄድ ነበር፤ ዳገቱ ላይ ሲያርፍ እኔም አርፋለሁ። እሱ ሲያርፍ የማስበውን እግዚአብሔር ያውቃል።

ይታይሽ ዛሬ እንጅባራ የራሷ የእንጨት ሥራ ቤት አላት። በርና መስኮት ትሠራለች፤ የተማሪ ዴስክም ሠርታለች። የዚያን ዕለቱን የመጋዙን ነገር አንድም ቀን አንሥታብኝ አታውቅም። ብታነሣብኝ ይቀለኝ ነበር።

የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ የሚባል የለም። ስጠይቅ «እሱ በትምህርታቸው ለማይገፉ ልጆች ነው» አሉኝ። እኔም እንዲሁ ነበር የማስበው። ልጄ በዚያ ክፍል የተማረችው በርጩማ መሥራት ይመስለኝ ነበር። የተማረችው ግን ሰው ሁሉ በሚጮህበት ሰዓት ቆሞ ማየትን ነው፤ ምን በምን ላይ እንዳረፈ፣ የቱ ሲነካ የቱ እንደሚወድቅ። አጥብቃ ይዛ በቀስታ መሳብን ነው። ይህን ከእኔ አልተማረችውም። እኔ ያስተማርኋት ነገር ቢሆን ያን ቀን አባቷን ከጣሪያው ሥር ያስቀረው ነበር። ልጆቻችሁ በእጃቸው የሚማሩትን ነገር አታሳፍሩባቸው። በእናንተ ዘንድ የሚባለውን ሁሉ ደግሞ የእግዚአብሔር ቃል አድርጋችሁ አትያዙት። ይህን የምለው ዋጋውን ሌላ ሰው ከፍሎልኝ ስላየሁት ነው።

ከዚያ እሑድ በማግስቱ፣ ሰኞ ጠዋት፣ ቢሻው ጤና ጣቢያው ውስጥ ነቃ። የባሕር ዳር መኪና እየጠበቅን ነበር። ይታይሽ በረንዳው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል፤ መዳፎቿ በፋሻ ተጠቅልለዋል። ውኃ አጠጣሁት።

«ስትጠይቅሽ ሰማሁ» አለኝ በአገውኛ።

ማሰሮውን መሬት ላይ አስቀመጥሁ።

«የጎተራውን አላወቅሁም። ግን አላውቅም ስትይ ድምፅሽን ሰማሁ፤ ድምፅሽን አውቀዋለሁ። ንገሪያት ብዬ ልጮህ አስቤ ነበር።»

«ለምን አልጮህህም?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እኔም ፈራሁ። ምሰሶ እኮ ነው፣ ጥሩነሽ።»

እሱ እንደዚያ ማለቱ ሸክሜን የሚያቀልልኝ መስሎት ይሆናል። እኔ ግን ልጃችን በሁለታችን መካከል፣ በላይም በታችም ዝም ብለንባት፣ መጋዝ ስትፈልግ ታየችኝ።

ወጣሁና ቀሰቀስኋት። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ቁጭ አለች።

«እኔ ወደ ቤት ልመለስ እማ» አለች። «አባ እንዲህ ሆኖ ትምህርት የለም። ልጆቹን ማን ያያቸዋል? ከብቶቹስ?»

«ልጆቹን ደብሬ ትይዛቸዋለች። አባትሽን እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ቤቱን አጎቶችሽ ይሠሩታል።»

«እማ...»

«ተነሺ።»

ጤና ጣቢያው ግቢ ካለው ቧንቧ ፊቷን አጠብሁላት፤ በእጇ አልቻለችም። ጸጉሯ ውስጥ ያለውን ጥላሸት በነጠላዬ ጠረግሁ። ከዚያ ክንዷን ይዤ በዳንግላ መንገድ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድን። ተማሪዎች እየገቡ ነበር። በሩ ላይ ቆምን።

«ዛሬ የእንጨት ሥራ አላችሁ?» አልኋት።

«አለን። ከዕረፍት በኋላ። ግን እጄ...»

«እጅሽ እስኪድን እያየሽ ትማሪያለሽ።»

አየችኝ። የማልናገረውን ነገር ትጠብቅ ይሆናል። ይቅር በይኝ ማለት ነበረብኝ፤ አላልሁም። ትከሻዋን ይዤ ወደ ውስጥ ገፋ አደረግኋት።

«ግቢ» አልኋት። «ደወሉ ሊደወል ነው።»